ለቃሬዛ የሚበቃ ድልድይ

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ነው፣ ሰኔ ከባተ ስምንት ቀኑ፣ ሰማዩ ከትናንት ጀምሮ ጠቁሯል ግን አልጣለም፣ ቢጥል ይሻለኝ ነበር፣ ሰው ሁሉ ወደ ዳሱ ሲሮጥ ለብቻዬ እቆም ነበር፣ አሁን ግን ቡሬ ከጣልያኑ ሹም ግቢ ተሰልፌአለሁ፣ ግራም ቀኝም የሰው ትከሻ ነው፣ የማዋራው ሰው ግን የለኝም።

ቄስ ገብረሰንበት ከጎኔ ናቸው፣ የደብራችን ካህን፣ ማመልከቻውን የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ ከጋቢያቸው ሥር ደብቀው ይዘውታል። ቢሆነኝ፣ ተራችን ሲደርስ የምትናገር አንተ ነህ፣ ይሉኛል። እኔ ንግግር አልችልም አባ። ስለማትችል እኮ ነው የመረጥንህ፣ ከተናጋሪማ ውሸት አይጠፋም፣ ብለው ይስቃሉ፣ እኔ አልስቅም። ከሳቅሁ ቆየሁ።

የመጣነው ድልድይ ልንለምን ነው። ፈጣም ላይ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ማዶ ያለነ ሰዎች ከሰው አንቆጠርም፣ ገበያው ከወዲህ ነው፣ እህተ ማርያምም ከወዲህ ናት፣ በሆድ የተጣመመ ልጅ በእጇ የምታቃናዋ አዋላጅ። ግብሩ ግን ይሻገራል። በአባቴ ጊዜም ይሻገር ነበር፣ ማሩም ጤፉም ሰንጋውም፣ አባቴ ስለ ድልድይ ላገረ ገዥው ቢያመለክት ወንዙን የሠራ እግዜር ነው፣ ወደ እሱ ጩህ አሉት። አሁን ደግሞ ጣልያን ነው ግብሩን የሚወስድ። የወሰደ ይሥራ፣ ማንም ይሁን። እንዲህ ብዬ ነው ከቤቴ የወጣሁ፣ ትክክል መስሎኝ ነበር።

አምና ነሐሴ። አደይን፣ ልጄን፣ በቃሬዛ ተሸክመን ከወንዙ ዳር ደረስን፣ ምጥ ከያዛት በሁለተኛው ቀን፣ ስምንት ሰው ነበርን፣ ባሏ ገብረ ሕይወት ከፊት፣ ውሃው ግንድ ይዞ ይወርዳል። በመጫኛ ተያይዘን እንግባ አለ ገብረ ሕይወት። አይሆንም አልሁ። ከቃሬዛ ጋር ሽማግሌ ካለ ትእዛዙ የሽማግሌው ነው፣ እስኪጎድል እንቆይ አልሁ፣ ስምንት ሰው ላስበላ እንዴ፣ ቆየን። አባዬ ደረስን ወይ አለችኝ፣ ሁለት ጊዜ፣ አልመለስሁላትም፣ አዎ ብል ውሸት፣ አይ ብል ደግሞ። ውሃው የጎደለው እሷ ዝም ካለች በኋላ ነው።

ገብረ ሕይወት ከቀብሩ ወዲህ አላናገረኝም። እኔም አላናገርሁት። ቤቱ ከቤቴ ድምፅ በሚሰማበት ነው፣ በሬዎቹን ሲጠራ እሰማለሁ፣ እኔ ሳስል እሱም ይሰማል።

አሁን ደግሞ ደስታነሽ አለች፣ የወንድ ልጄ የላቀው ሚስት፣ ሐምሌ ትወልዳለች፣ በቤቴ፣ የበኩር ልጇ ነው። ላቀው ጣልያን ከመጣ ጀምሮ ዱር ነው፣ አልፎ አልፎ በሌሊት ብቅ ቢል እንጂ፣ ከእኛ መንደር በላይ ካለው ጫካ፣ ከአርበኞቹ ጋር። ሚስቱን አስቀድሜ ላሻግራት እንዳልል ቡሬ ላይ የማን ሚስት እንደሆነች የማያውቅ የለም፣ ይዘው መያዣ ያደርጓታል። እህተ ማርያምን አስቀድሜ ላምጣት ብዬ ሄጄ ነበር፣ አገር ሙሉ ነፍሰ ጡር ጥዬ ያንተ ቤት ልከርም ነው ወይ አያ ቢሆነኝ አለችኝ፣ መሻገሪያ ሥራና በጠራኸኝ ሰዓት እመጣለሁ አለችኝ። እውነቷን ነው።

ተራችን ደረሰ። ሹሙ ተቀምጧል፣ አስተርጓሚው ተስፋው ቁሟል፣ የዚሁ የቡሬ ልጅ፣ ጫማ አድርጓል። ምን ፈለግህ ሽማግሌ፣ ይለኛል። ድልድይ። ሌላስ? ድልድይ። ኧረ ሰላምታም አልጨመርህበት፣ ይላል፣ ከኋላዬ ሰው ይስቃል። ቄስ ገብረሰንበት ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ያቀርባሉ። ተስፋው ይተረጉማል፣ ሹሙ ይነሳል፣ ፊቱ ይፈካል፣ አገሩ የተሣለበትን ወረቀት ዘርግቶ ጣቱን ያሳርፋል፣ የኛው ወንዝ ላይ፣ ቦታውን ሳይፈልግ፣ ወዲያው። እንዴት አወቀው።

ዕድለኛ ነህ አያ፣ ይላል ተስፋው፣ መንግሥት ራሱ አስቦበት ነበር፣ ሕዝቡ ለመነ የሚል ወረቀት ብቻ ነው የቀረ፣ አውራ ጣትህን አትምበት። ጣቴን ቀለም ይቀቡታል። ስፋቱ ምን ያህል ነው፣ እላለሁ። ካሚዮን የሚያሳልፍ ነዋ፣ መድፍ የሚጎትት ካሚዮን። እኔ የምፈልገው ለቃሬዛ የሚበቃ ነው። ተስፋው ይህን አይተረጉመውም፣ ይስቃል፣ ለቃሬዛማ ማን ገንዘብ ያወጣል፣ የትኛው መንግሥት!

ካሚዮን። ማዶ መንደራችን ነው፣ ከመንደራችን በላይ ጫካው። እህተ ማርያም የምትሻገርበት መድፉም ይሻገርበታል፣ ልጁ ይወለዳል፣ አባቱ ይገደላል፣ እኔ ይህን እንዴት ሳላስበው፣ ግብር የበላ ይሥራ እያልሁ፣ ግብሩን ለምን እንደሚበላ ሳልጠይቅ። አትም እንጂ፣ ይሉኛል ቄስ ገብረሰንበት በጆሮዬ፣ ደስታነሽን አስባት። እያሰብኋት ነው አባ። ጣቴ ወረቀቱ ላይ ሊደርስ ስንዝር ቀርቶታል፣ ሁሉም ጣቴን ያያሉ።

የደብሩን ሽማግሌዎች ሳላማክር አላትምም፣ እላለሁ። ውሸት ነው፣ የላኩኝ እነሱው ናቸው። ተስፋው ዓይን ዓይኔን ያያል፣ ረጅም ጊዜ፣ ከዚያ ለሹሙ አንድ ነገር ይለዋል። እስከ ቅዳሜ፣ ይለኛል፣ ከቅዳሜ ካለፈ እኛው እንመጣለን።

መንገዱን ሁሉ ቄስ ገብረሰንበት ይቆጣሉ። ምን ልትሠራ ነው ታዲያ፣ ወንዙን ልትጠጣው? ፈጣምን ስንሻገር ገና ከጉልበት በታች ነው። ከላይ፣ ውሃው በሁለት ቋጥኝ መሐል ወደሚጠብበት አያለሁ። ከቤቴ ጓሮ ሁለት ዝግባ አለ፣ አባቴ የተከላቸው፣ ጎን ለጎን ቢጋደሙ ይደርሳሉ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ መጫኛ ቢመጣ ይታሰራሉ፣ ለቃሬዛ ይበቃሉ፣ ካሚዮን ግን አያልፍባቸውም። ሃያ ሰው ይፈልጋል። ደቦ።

ደቦ ጠርቼ አላውቅም። የሰው ደቦ ሄጃለሁ፣ ድርሻዬን አጭጄ ጠላው ሳይቀርብ ወጥቻለሁ፣ የኔን እርሻ ብቻዬን ነው ያረስሁ፣ ማንንም አስቸግሬ አላውቅም ስል ኩራት ይመስለኝ ነበር። ደቦ መልእክተኛ አይላክበትም፣ ባለቤቱ በእግሩ ዞሮ ነው የሚለምን፣ የሚጀምረውም ከቅርብ ጎረቤት ነው፣ ቅርቡን ዘሎ ሩቁን ለጠራ ሰው የሚመጣለት የለም። ቅርቡ ገብረ ሕይወት ነው።

ቄሱን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰናበትኋቸው፣ ወደ ቤቴ አልገባሁም። ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ። ውሻው ይጮሃል። ስሙን ልጠራ እፈልጋለሁ፣ አሥር ወር ከአፌ ያልወጣ ስም፣ ገብረ ሕይወት፣ እላለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ አይሰማም፣ ደግሜ እጠራለሁ።

ይወጣል። ሲያየኝ ይደነግጣል። ምነው፣ ደስታነሽን ምን አገኛት? ደኅና ናት። ነገ ዝግባዎቹን እጥላለሁ፣ በፈጣም ላይ ላጋድማቸው ነው፣ ደቦ እየጠራሁ ነው፣ ካንተ ጀመርሁ።

የአጥሩን በር ይዞ ይቆማል። እኔ ዝምታ የለመድሁ ሰው ነኝ፣ ይህን ግን አልችለውም።

ያን ቀን እንግባ ብዬዎት ነበር፣ ይላል።

ብለኸኝ ነበር። አልሰማሁህም።

ወደ ቤት ይገባል፣ አበቃ እላለሁ፣ ልሂድ እላለሁ፣ እግሬ ግን አይነሳም፣ ይመለሳል፣ መጫኛውን በትከሻው ላይ ጠቅልሎ። ስንት ሰው ይፈልጋል፣ ይላል። ሃያ። ሃያ ሰው በእስዎ አፍ ተጠርቶማ አይመጣም፣ ይላል፣ ከፊቴ ቀድሞ ይወጣል፣ ኑ አብሬዎት ልዙር።

ከሚቀጥለው ቤት ደጅ ስንደርስ ሊጣራ አፉን ይከፍታል። ተው፣ እላለሁ፣ እኔ ልጥራ። ቤቶች!