የጋዜጣ ኤሊዎች

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል። ዛሬ ሁሉም ሰው ያን ጊዜ ጀግና እንደነበረ ሲያወራ ስሰማ ሆዴን ያመኛል። በ1970 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ጀግና ከነበረ እኔ አላየሁትም። እኔ ያየሁት ዳቦ ሊጠቀልልልኝ ጋዜጣ ሲያነሳ መጀመሪያ ገጹን ገልበጥ አድርጎ የሚያይ ባለሱቅ ነው። የሊቀመንበሩ ፎቶግራፍ ካለበት አይጠቀለልበትም፣ አይቀደድም፣ አይቃጠልም። እኔም እንደማንኛውም ሰው እነዚያን ገጾች ለይቼ ፍራሽ ስር አስቀምጥ ነበር። ታዲያ በላያቸው መተኛቱስ ወንጀል ይሆን እንዴ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ አውቃለሁ።

ስሜ ምብራት ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። የተወለድኩት ምጽዋ ነው። ያን ዓመት ምጽዋ ጦርነት ላይ ስለነበረች አገርሽ የት ነው ሲሉኝ «ወደ ሰሜን» ብዬ አልፋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ካሕሳይ ከሸማቂዎቹ ጋር በረሃ ገብቷል። ይህን በትምህርት ቤቱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ቢያንስ እንደዚያ ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር የምኖረው።

የሳይንሱ መጽሐፍ ስለ ባሕር እንስሳት ያለው አንድ ገጽ ብቻ ነው። የደበዘዘ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ «የባሕር ኤሊ» ይላል፤ በቃ። ተማሪዎቼ ደግሞ ከቀበና ወንዝ የሚበልጥ ውሃ አይተው አያውቁም።

«ቲቸር፣ ባሕርን በእግር ለመዞር ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለኝ አንዱ።

ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም፤ ከሳቅኩ በኋላ አፌ ተከፈተ። ልጅ ሆኜ አጎቴ በጀልባ ወደ አንዲት ደሴት እንደወሰደኝ ነገርኳቸው። እናቲቱ ኤሊ ከባሕር ወጥታ በኋላ እግሮቿ አሸዋውን ስትቆፍር፣ ከመቶ በላይ እንቁላል ጥላ አሸዋውን ስትመልስበት አይቻለሁ። ከዓይኗ ውሃ ይወርዳል። የምታለቅስ ይመስላል እንጂ የምታስወጣው ከባሕሩ የዋጠችውን ጨው ነው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ልጆቿ ተፈልፍለው፣ ባንድ ላይ አሸዋውን ሰብረው ይወጡና ወደ ውሃው ይሮጣሉ። መንገድ ላይ ሸርጣን ይጠብቃቸዋል፤ ወፍ ይጠብቃቸዋል። ባሕር የገቡትንም ትልልቅ ዓሦች ይጠብቋቸዋል።

«እናታቸውስ?» አለች አይናዲስ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች።

«እናታቸው የለችም። ጥላቸው ሄዳለች።»

እንደዚያ ሲያዳምጡኝ አይቼ አላውቅም ነበር።

ለማግስቱ አሮጌ ጋዜጣ ይዘው እንዲመጡ አዘዝኩ፤ ትምህርት ቤቱ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረውም። መጡ። በቆርቆሮ ክዳን ጋዜጣው ላይ ክብ እየሠሩ ቆረጡ፤ ክቡ የኤሊው ጀርባ ሆነ። አራት እግርና አንድ ራስ በዱቄት ሙጫ ለጠፉበት። ወለሉን አሸዋ አልነው። ሰማያዊ ሻሼን ፈትቼ ከሰሌዳው ሥር አነጠፍኩ፤ እሱ ባሕር ሆነ። ሁለቱን ረባሾች ሸርጣን አደረግኳቸው። ከዚያ ሁሉም ተንበርክኮ፣ ኤሊውን እየገፋ፣ እየጮኸ ወደ ሻሼ! እኔም ከሁሉም በላይ እጮህ ነበር። ያን ግማሽ ቀን ምጽዋ ነበርኩ። ፊት ገጽ የሚባል ነገር መኖሩ ጨርሶ ትዝ አላለኝም። ባለሱቁ የማይዘነጋውን እኔ በደስታ ዘነጋሁት። ሲጨርሱም «ቤት ወስዳችሁ አሳዩ» ብዬ አሰናበትኳቸው።

ከሄዱ በኋላ ቁርጥራጩን ስለቃቅም ሦስተኛው ረድፍ ሥር አንድ ገጽ አነሳሁ። ትከሻ አለው፤ ማዕረግ አለው፤ ወደ ላይ የተነሳ ክንድ አለው። በራሱ ቦታ ግን ክብ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው የወለሉ ጣውላ ይታያል።

ወንበሩ የአይናዲስ ነው። የአይናዲስ አባት እሸቴ ደግሞ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው። ባለፈው ወር የሒሳብ መምህራችንን ፀሐዬን ከክፍል ጠርቶ የወሰደው እሱ ነበር። ፀሐዬ አልተመለሰም፤ ካፖርቱ እስከዚያ ቀን መምህራን ክፍል እንደተሰቀለ ነበር፤ የሚያነሳው ጠፍቶ። አሁን የሊቀመንበሩ ፊት የኤሊ ጀርባ ሆኖ፣ ወለል ለወለል ተጎትቶ፣ ወደዚያ ሰው ቤት እየሄደ ነው። ያስጎተተችው ማን ናት? የምጽዋ ልጅ። ወንድሟ የት ነው? እዚህ ላይ ስደርስ ማሰብ አቃተኝ።

ገጹን አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ወሸቅኩት። ልሽሽ ብል ያለ ቀበሌ ይለፍ ወረቀት የት ይደረሳል? ያለኝ ተስፋ እሸቴ ከቀበሌ ሳይመለስ ደርሼ ኤሊውን ከልጅቷ መቀበል ነው። ቤታቸው ወዳለበት ወደ ዶሮ ማነቂያ ታጠፍኩ። መንገዱ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለ። አንድ ጂፕ ከኋላዬ ቀስ ሲል ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር። እየተራመድኩ የምናገረውን አጠናሁ። ያጠናሁትን ኋላ ትሰማላችሁ።

በሩ ገርበብ ብሏል። «ቤቶች» አልኩ። የከፈተልኝ እሸቴ ራሱ ነው።

አስገባኝና በሩን ከኋላዬ ቀረቀረው። ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ኤሊው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የሊቀመንበሩን ፊት ወደ ላይ አድርጎ። አይናዲስ ጥግ ቆማለች፤ ጉንጯ ቀልቷል።

«ጓድ መምህርት፣ ይህን ማን አየ?»

ያን ጊዜ ያጠናሁት ወጣ።

«እኔ አይደለሁም። የቆረጠችው እሷ ናት» አልኩ፤ ጣቴንም ቀሰርኩባት። በስምንት ዓመት ልጅ ላይ።

አይናዲስ አላለቀሰችም። ጣቴን ብቻ አየችው።

እሸቴ ግን የሰማኝም አልመሰለኝ። «የቀረውስ? የገጹ ቀሪ የት አለ?» አለ። ቤቱን ያየሁት ገና ያኔ ነው፤ ፍራሹ ተገልብጧል፣ የልጅቷ ደብተሮች ወለል ላይ ተበትነዋል። ሲፈልግ ነበር።

ከደረቴ አውጥቼ ሰጠሁት። ዘረጋውና በአውራ ጣቱ የገጹን ራስጌ አሳየኝ። ጋዜጣው ከቀበሌ ሲታደል የተጻፈ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ «ጓድ እሸቴ» ይላል። በፍርሃት ሳጣጥፈው እኔ አላየሁትም ነበር።

«እትዬ» አለኝ፤ ጓድነቱ ቀረ። «በእናትዎ፣ ለማንም አላሳዩትም?»

«ለማንም፣ ጋሽ እሸቴ።»

ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ፀሐዬን የወሰደ ሰው ነውና ላዝንለት አልቻልኩም፤ ግን ፍርሃቱን አወቅኩት፣ የራሴ ነበር። ከዚያ ኤሊውንም ገጹንም ከሰል ምድጃው ላይ ጣለ። እስኪነድ ሁለታችንም የምናየው በሩን ነበር።

አመዱን በትኖ ልጁን ጠራት።

«እኛ ቤት ጋዜጣ የለም። በይ።»

«እኛ ቤት ጋዜጣ የለም።»

«ድገሚው።»

አሥር ጊዜ ያህል አስባላት። ቆሜ ሰማሁ፤ የእኔም ከንፈር አብሯት ይንቀሳቀስ ነበር። ስወጣ ደህና ዋይ እንኳ አላልኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ስም ጠራሁ። አንድም ልጅ ስለ ኤሊው አላነሳም፤ በየቤቱ ምን እንደተባለ አልጠየቅኩም።

«አይናዲስ እሸቴ።»

ተነሳች። አለሁ አላለችም።

«እኛ ቤት ጋዜጣ የለም፣ ቲቸር።»

የሳቀ የለም። ከጎኗ ያለው ልጅ ሳልጠራው ተነስቶ «እኛም ቤት የለም» አለ። ከኋላው ያለችውም ተነሳች። ከዚያ ሌላው። አይናዲስ እስካሁን ቆማለች፤ ፊቴን አታይም። የምታየው መዝገቡ ላይ ያረፈውን ጣቴን ነው።