አራተኛው ኩርባ ላይ ያለችው ፍንጭት

የሞተር ውድድር ቡድናችን ደንብ አንዲት ናት፤ የፈጠነ ሰው መንገዱን አይደብቅም። የዕለቱን ፈጣን ዙር የነዳው ሰው መስመር ጋራዡ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ስክሪን በቀይ ይወጣል፣ የሌሎቻችን በሰማያዊ ከሥሩ ይነጠፋል። ደንቡን ያወጡት የቡድኑ ባለቤት ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ጎማ ነጋዴ ናቸው፤ ሞተር ላይ ከወጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፣ ቦርጫቸውም ከእንግዲህ አያስወጣቸውም፤ አፋቸው ግን አሁንም ይወዳደራል። «ቡድን ማለት ቤተሰብ ነው» ይላሉ አፋቸውን ሞልተው። ቤተሰብ ምን እንደሚያደርግ እኔን ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር።

መሣሪያዋን ወደዚህ ጋራዥ ያመጣኋት እኔ ነኝ። የክብሪት ሳጥን ታክላለች። ከመቀመጫው ኋላ በፕላስተር ትለጠፋለች፣ ከሳተላይት እየተቀበለች የት ቦታ ላይ በምን ፍጥነት እንደነበርሽ ትመዘግባለች፣ ስትመለሺ ላፕቶፕ ላይ ትሰኪያታለሽ። ከዚያ አንዱን ዙር በሌላው ላይ ደርቦ ማየት ነው። ሁለቱ መስመሮች የሚለያዩበት ቦታ ጊዜ የፈሰሰበት ቦታ ነው። ሌላ ተአምር የለውም።

መጀመሪያ ያልሳቀብኝ ሰው አልነበረም። «ሞተር የሚነዳው በቂጥ ነው እንጂ በኮምፒዩተር ነው እንዴ?» አለ መካኒኩ። ስምም የዚያኑ ቀን ወጣልኝ፤ ካርታ። ታናሽ ወንድሜ ማሙሽ እንኳ ሰው ፊት ካርታ ይለኛል፤ ለብቻችን ስንሆን ግን እትዬ ነኝ። ማሙሽ ስል ጢሙን የሚላጭ ጎረምሳ ነው፤ ቤት ውስጥ የወጣለት ስም ተለጥፎበት ቀረ እንጂ። ሞተር ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ኋላዬ አስቀምጬ፣ ቀጥሎ ፊቴ አስቀምጬ፣ በመጨረሻም ከጎኑ እየሮጥኩ።

የመጀመሪያ ቀን ግራፌን ሳየው አፈርኩ። ራሴን ደፋር አድርጌ ነበር የማየው። ግራፉ ጉዴን ዘረገፈው። በየኩርባው፣ ፍሬን ከለቀቅኩ በኋላና ጋዝ ከመስጠቴ በፊት፣ ምንም የማልሠራባቸው ቦታዎች ነበሩ። ፍሬን አልያዝኩም፣ ጋዝ አልሰጠሁም፤ እንደ ተሳፋሪ ዝም ብዬ ተቀምጬ እሄዳለሁ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ቀን አንድ ኩርባ ብቻ ያዝኩ። ሌላው እንደፈለገ ይሁን ብዬ የዕለቷን ኩርባ ብቻ። ፍሬን የምይዝበትን ቦታ ከአጥሩ ምሰሶ ወይም አስፋልቱ ላይ ካለ የዘይት ጠባሳ ጋር አመሳከርኩ፤ ትንሽ አዘገየሁት፤ ተመልሼ ግራፉን አየሁ። ዘግይቶ ፍሬን መያዝ ጀግንነት ይመስላል፤ ግራፉ ግን ሰው ሲገባ ያተረፈውን ሲወጣ እንዴት እንደሚያስረክብ ያሳያል። ስለዚህ መልሼ አስቀደምኩት፣ በጊዜ አጋደልኩ፣ በጊዜ ጋዝ ከፈትኩ። እንዲህ እያልኩ የውድድር ሜዳውን ኩርባ በኩርባ ከዳር እስከ ዳር ለቀምኩት። ስክሪኑ ላይ ያለው ቀይ መስመር የኔ ሲሆን የሳቁብኝ ሁሉ መሣሪያዋን ከየት እንደሚያገኙ እየጠየቁኝ መጡ።

አንዲት ነገር ብቻ ሳላስተካክል ቀረሁ። የአራተኛው ኩርባ መውጫ ላይ አስፋልቱ ድሮ ሰርጉዶ ነበር። እዚያ ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሯል። ጉድጓዱ ከተደፈነ ቆይቷል፤ አሁን እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ እጄ ግን አያውቅም። እዚያ ስደርስ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ጋዙን ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍተዋል። ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሞተሩን ትን ሲለው ይሰማዋል። «ካርታን ትን አላት፣ ማን አነሳት?» ይል ነበር መካኒኩ። ግራፉ ላይ ደግሞ ትንሽ ክፍተት ሆና ትታያለች፤ ፊት ጥርስ ላይ እንዳለች ፍንጭት። ከዚያ ኩርባ ቀጥሎ ያለው ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ነው። እዚያች ላይ የጠፋች ፍጥነት እስከ ቀጥታው ጫፍ ድረስ ትከተለኛለች። አንድ ቀን እገላገላታለሁ እያልኩ ቆየሁ።

ዘንድሮ ጋሼ አዲስ የውድድር ሞተር አመጡ። አንድ። «የልምምዱ ወቅት ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ ቀይ የሆነ ሰው ይወጣባታል» አሉ፤ ታንከሯን ልክ እንደ ልጅ ጭንቅላት እየደባበሱ። ያቺን ሞተር የፈለግኳትን ያህል በሕይወቴ የፈለግኩት ነገር የለም። እድሜዬም አይጠብቀኝም፤ ከእንግዲህ ሌላ ወቅት፣ ሌላ ሞተር፣ ሌላ ዕድል የሚባል ነገር እንደማይኖር አውቄዋለሁ። በዚያ ላይ ቀይ ነበርኩ። ከሥሬ ያለው ሰማያዊ ማሙሽ ነበር፤ ሩቅ ነው።

«ካርታ» አሉኝ ጋሼ፣ «ወንድምሽን አጠገብሽ አስቀምጪና አሳዪው እንጂ። ደንባችንን ታውቂያለሽ።»

«ስክሪኑ ላይ ተሰቅሏል እኮ ጋሼ። ዓይን አለው፣ ይይ።»

«ማየትና ማስረዳት አንድ ነው? አንቺም አትሰስቺ።»

ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። እናቴ ልብስ እያጣጠፈች ቀና ሳትል «አንቺ ትልቅ ነሽ» አለች። ከዚህ በላይ ብላ አታውቅም፣ ማለትም አያስፈልጋትም። በዚህችው ቃል ብስክሌቴንም፣ መስኮት አጠገብ የነበረውን አልጋዬንም ከልጅነታችን ጀምሮ ለማሙሽ ስታሻግር ኖራለች። ክፋት የለባትም። ትልቅ ልጅ የተወለደው ለመልቀቅ ነው ብላ ታምናለች፣ በቃ።

አስቀመጥኩት። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አጠጋግተን፣ ላፕቶፑን የጎማ ክምር ላይ አድርገን፣ የሱን ሰማያዊ በኔ ቀይ ላይ ደረብኩለት። ማሙሽ ሲማር ያምራል። አፉን ከፈት አድርጎ በጣቱ መስመሩን ይከተላል፣ ሲገባው ጭኑን ይመታል። አንድ ኩርባ ላይ የውሸት ቦታ ብነግረው ማንም አያውቅብኝም ነበር። ነገር ግን የውሸት ቦታ ላይ ፍሬን የያዘ ሰው የሚያርፈው አጥር ላይ ነው፤ ወንድሜን ደግሞ በእጄ አሳድጌዋለሁ። እውነቱን ነገርኩት። የአጥሩን ምሰሶ፣ የዘይቱን ጠባሳ፣ መቼ እንደማጋድል፣ የትኛው ኩርባ ላይ ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ፣ ሁሉንም።

አራተኛው ኩርባ ስንደርስ ጣቱ ፍንጭቷ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ እዚች ጋ ምንድን ነው የምታደርጊው?»

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። በዚያ ሁሉ ዕውቀት መሀል ተቀምጬ፣ ልጁ አፉን ከፍቶ እየሰማኝ፣ እፈራለሁ ማለት አቃተኝ።

«እሷን ተዋት» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ ሌላ አልጠየቀም። ያን ፈገግታ ያኔ አልተረዳሁትም ነበር።

የወቅቱ የመጨረሻ ልምምድ ላይ ማሙሽ አለፈኝ። በጥቂት ነው፤ እኔ ግራፉን እስከምከፍት ድረስ ማን እንደቀደመ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ክብደቱ ይቀላል፣ ልጅ ነው፣ አጥንቱ ተሰብሮ አያውቅም፤ በኔ መንገድ ላይ የኔን ያህል ከነዳ መቅደሙ አይቀርም። ዙሩን በኔው ላይ ስደርበው ግን ሌላ ነገር አየሁ። አራተኛው ኩርባ መውጫ ላይ ፍንጭቷ አለች። እዚያው ቦታ፣ በዚያው ስፋት። እዚያ ወድቆ የማያውቅ ልጅ፣ ምንም ያልሆነ እጁን ይዞ፣ እኔ በምፈራበት ቦታ ላይ ጋዝ ዘግቷል። የደበቅኩት ምስጢር መስሎት ነው። የፍጥነቴን ቁልፍ ከስስቴ ፈልቅቆ ያወጣ መስሎት ነበር ፈገግ ያለው።

ጋሼ ትከሻውን ይዘው ወዘወዙት፤ ወደኔም ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ዓይናችን ነሽ» አሉኝ። «እንዳንቺ ግራፍ የሚያነብ የለም። ከእንግዲህ ላፕቶፑ ጋ ትቀመጫለሽ።» ወንበርም አስመጡልኝ፤ መደገፊያ ያለው፣ የሚሽከረከር። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ማሙሽ አቅፎኝ «ያላንቺ አልችልም ነበር» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ያናደደኝም እውነት መሆኑ ነው። እናቴ ማታ ግንባሬን ሳመችኝ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ያላየሁት ጉድ የለም። ጋሼ አዳዲስ ልጆች ሲመጡ ስክሪኑ ፊት ያሰልፏቸውና በእስክሪብቶ ጫፍ ፍንጭቷን ያሳያሉ። «እዚች ጋ ጋዙን ለአፍታ ዘጋ! አያችሁ? ሞተሩ ትንፋሽ እንዲሰበስብ ነው። ይሄ ነው ጥበብ ማለት!» ልጆቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ሜዳው ላይ ይወጡና በተራ በተራ፣ አንዱም ሳይቀር፣ የአራተኛው ኩርባ መውጫ ላይ ትን ይላቸዋል። ስብራቴን ወስደው ትምህርት አደረጉት።

አንድ ከሰዓት ማሙሽ ጓንቱን ሳያወልቅ መጣና ወንበሬን ተደግፎ ቆመ።

«እትዬ፣ ከቀጥታው ጫፍ ላይ ሌሎቹ ቡድኖች ይበልጡናል። የሚቀረኝ ነገር አለ። የት ነው?»

የት እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ አሳየዋለሁ።

«የሚቀርህ የለም» አልኩት። «ጨርሰሃል።»

አመነኝ። ሁልጊዜ ያምነኛል። እኔ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መቀመጥ አልቻልኩም። ያቺ ኩርባ የኔ ናት። የተሰበረው እጅ የኔ ነው። ቢያንስ እሷን እኔ ልዝጋት አልኩ።

ልምምዱ ሲያልቅ አሮጌዋን ሞተሬን እንድፈትሽ መካኒኩን ለመንኩት። «ጎማዋን ላሙቅልሽ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። እሱ ዘወር ሲል መሣሪያዋን ከመቀመጫው ኋላ ላጥኩና ኪሴ ከተትኳት፤ ቆይቼ ደግሞ ኪሴም ውስጥ አላመንኳትም፣ አጥፍቼ ወንበሬ ላይ ትቻት ወጣሁ። ይህን ዙር የምሰቅለው ስክሪን የለም። ደንቡ የሚደርሰው የተመዘገበ ነገር ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር እጄ አሸነፈኝ፤ ትን አለን። ሁለተኛውንም። በሦስተኛው ወደ አራተኛው ኩርባ ስገባ ጮክ ብዬ እየተሳደብኩ ነበር፤ ራሴን፣ ጋሼን፣ ወንበሩን፣ ያስለቀቀችኝን እናቴን። መውጫው መጣ። የተለጠፈውን አስፋልት አየሁት፣ አጋደልኩበት፣ ጋዙን ከፍቼ ያዝኩት። ምንም አልሆነም። ያ ሁሉ ዓመት የፈራሁት ምንም ነበር። ሞተሯ ትን ሳይላት ቀጥታውን ጠጣችው፣ እኔም ሄልሜቴ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መሣሪያ አላስፈለገኝም፤ እዚያ ሜዳ ላይ ከዚያ የፈጠነ ዙር ነድቼ አላውቅም።

ስመለስ ጋሼ በር ላይ ቆመዋል። «ምን አሳየሽን?» አሉ እጃቸውን ዘርግተው።

«መሣሪያዋን ረሳኋት።»

«ካልተመዘገበማ አልተነዳም» ብለው ሳቁ፣ ሄዱም። ደስ አለኝ። ማሙሽ ግን አልሳቀም። ከአጥሩ ጥግ ቆሞ፣ ውኃ የያዘ ኮዳ በእጁ እንዳንጠለጠለ፣ ሞተሬን ያያል። ምን ሆነህ ነው ስለው «ምንም» አለ።

የሚቀጥለው ልምምድ ላይ መሣሪያዋን ከሞተሩ ነቅሎ ራሱ አመጣልኝ። ሰካኋት፤ መስመሩ ወጣ። ፍንጭቷ የለችም። አራተኛው ኩርባ ከመግቢያው እስከ ቀጥታው ጫፍ ድረስ ያለምንም መቆራረጥ ይወጣል፤ ፍጥነቱም ከማንም በላይ ነው። ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁት።

«ትን አላለሽም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያን ቀን። ሞተርሽን እሰማ ነበር።»

ማሙሽ ሲማር እንዴት እንደሚያምር ተናግሬያለሁ።

ጋሼ ደርሰው ስክሪኑን ሲያዩ ጮኹ። አዲሶቹን ልጆች ጠርተው አሰለፉ፣ እስክሪብቷቸውን አወጡ። «አያችሁ? እዚህ ጋ ጋዝ አልዘጋም! ይህን ማንም አላሳየውም። ካርታ እንኳ ያን ሁሉ ጊዜ ተቀምጣ አላየችውም፤ ልጁ በራሱ ነው ያገኘው!»

ማሙሽን አየሁት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ የጓንቱን መዝጊያ ይፈታል፣ መልሶ ይዘጋል።

«ስቀይልን እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ ጋሼ።

ወንበሬን ወደ ላፕቶፑ አዞርኩ፣ ስሙን ጻፍኩበት፣ በቀይ ሰቀልኩት።