ከነጩ ድንጋይ የተቀዳ ውሃ

ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ! ዳክዬዎች ከወንዝ ሐምራዊ ሆነው ወጡ ሲባል ማንም አያምንም። እኔ ግን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ አንዷማ ለሚዜነት የተጠራች ነበር የምትመስለው።

ወንዙን እንዲያ ያደረገው የጨርቅ ማቅለሚያው ፋብሪካ ነው። እዚያ ለምርመራ የሚሆን ውሃ የሚቀዳ ሰው ነበር። ጠርሙስ ከእጁ ስለማይለይ ስሙም ጠርሙስ ሆኖ ቀረ። ያስቀጠረው የእህቱ ባል፣ ሥራ አስኪያጁ ነው። "ጋሼ" ይለዋል፤ ጋሼ ካለ ውሃም ሽቅብ ይፈሳል ብሎ የሚያምን የዋህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ራሱ ወንዝ ዳር ይዞት ወረደና፣ የፋብሪካው ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ ከሚገባበት ቱቦ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ላይ ያለ ነጭ ድንጋይ አሳየው።

"ሁልጊዜ ከዚህ ቅዳ። የታችኛው ደለል ነው፤ የላቦራቶሪ ሰዎች ይስቁብሃል።"

"ቅጹ ግን 'ከቱቦው በታች' ይላል እኮ፣ ጋሼ።"

"አንተ ደግሞ! ቅጽ የማይለው ምን አለ? የትኛው ፋብሪካ ከታች ሲቀዳ አይተሃል?"

ጠርሙስ ሌላ ፋብሪካ በደጁም አልፎ አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ከነጩ ድንጋይ ቀዳ፤ ፈረመ። ሙያው እንደዚያ መስሎታል። እንዲያውም ውሃው ኩልል ሲል "የኔ እጅ እኮ!" እያለ ይኮራ ነበር።

ኋላ የታችኛው ሰፈር ልጆች ቆዳ ይላጥ፣ የጓሮው አትክልት ከሥሩ ይጠቁር ጀመር። ተቆጣጣሪዎች መጡ። በስብሰባው ቦርዱ በሥራ አስኪያጁ አሳበበ፣ ሥራ አስኪያጁ በላቦራቶሪው፣ ላቦራቶሪው በቀጂው። ጥፋቱ ደረጃ በደረጃ ወርዶ ወርዶ ጠርሙስ እግር ሥር አረፈ።

"ከላይ ቅዳ ያለህ ማነው?" አለችው ዋና ተቆጣጣሪዋ።

ጠርሙስ ዓይኑን ወደ ጋሼ ወረወረ። አሁን ይናገርልኛል ብሎ ጠበቀ።

"መመሪያችን ግልጽ ነው" አለ ጋሼ፣ ወረቀት እያገላበጠ። "ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ጥሶታል።"

ሠራተኛው! ትናንት ማታ አብረው ሲበሉ "ወንድምዬ" ሲለው አልነበር?

ለእረፍት ሲወጡ እህቱ ደወለች። "አንተ ብቻህን ነህ፤ እኔ የአራት ልጆች እናት ነኝ። እሱ ከታሰረ ማን ያሳድግልኛል? በእናታችን ሞት፣ እኔ ነኝ በላቸው።"

ለካ ሁሉንም ቀድማ ታውቅ ነበር!

ከእረፍት መልስ ተቆጣጣሪዋ ሁሉንም ወንዝ ዳር ይዛ ወረደች። "በል፣ እንደ ልማድህ ቅዳ" አለችው። ጠርሙስን እልህ ያዘው። ነጩን ድንጋይ አልፎ ቀጥ ብሎ ከቱቦው በታች ወረደ። ይሄኔ ጋሼን የአሥራ አንድ ዓመት ልማድ አሸነፈውና "ኧረ እዚያ አይደለም! ድንጋዩ ጋ ነው እንጂ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስታዬ ነበር። ግን ምያለሁ፣ ምላሴንም እፈልገዋለሁ፤ ስለዚህ ልናዘዝ። ያችን ጩኸት የጨመርኳት እኔ ነኝ። ጋሼ አልጮኸም። ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ፣ ጠርሙስ ውሃውን ቀድቶ ቀና እስኪል ዝም ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞረና ረጋ ብሎ፣

"አዩልኝ? ትክክለኛውን ቦታ አሳምሮ ያውቀዋል" አለ።

ጠርሙስ ሦስት ዓመት የተፈረደበት በዚያች ቃል ነው።