የተኛው ነዶ

የዓለምወርቅ ጥቁር ሰሌዳው ላይ "አምስተኛ" ብላ ጽፋ የፊልሙን ስም ልትጨምር ስትል፣ ከኋላዋ ክርክሩ እንደገና ተነሣ።

"'ዣንጥላ የያዘው ዘበኛ' አምስተኛ ከወጣ እኔ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልገባም" አለ በሽር። በሽር ከቪዲዮ ቤቷ አጠገብ ያለው ሱቅ ባለቤት ነው፤ ፊልም ሲጀመር ሱቁን ለሚስቱ ለረቢዓ ጥሎ የፊተኛውን አግዳሚ የሚይዝ። "ሰማያዊ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ኮት፣ ሰማያዊ ዣንጥላ። ሁሉ ነገር መሀል ለመሀል፣ በገመድ የተለካ።"

"ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብ ያለ ዝናብ የለም" አለ ማሩ። "ዣንጥላውን ለምን ያዘው?"

"ቁም ነገሩ እሱ ነው። አለመዝነቡ።"

"እንግዲያ እኔም ባዶ ጆንያ ይዤ ገበያ መሀል ልቁምና ሸልሙኝ።"

ቤቱ ሳቀ። ማሩ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ከወረዱት አንዱ ነው። አጨዳው አልቆ ሰሊጡም ተራግፏል፤ ሠራተኛው ወደ አገሩ የሚመልሰው መኪና እስኪገኝ ድረስ መተማ ዮሐንስ ላይ ቀኑን የሚገፋው እዚህ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። እሑድ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ጣሪያውን ያንጣጣዋል። አርባ የሚሆን ሰው አግዳሚዎቹ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል።

ክርክሩ የቤቱ ልማድ ነው። የጀመረው የየዓለምወርቅ ባል ቢያድግልኝ ነበር። የአንድ ሰው ፊልሞች ታይተው ሲያልቁ ተመልካቹ ደረጃ ያወጣላቸዋል። ሁለት ሰዎች ካልተስማሙ እንደ ድሮ ሰው "በላ ልበልህ" ተባብለው፣ ዋስ ጠርተው ይሟገታሉ፤ ዳኛው ቤቱ ነው። የተረታው ቅጣቱ ቀላል ነው፦ ሰሌዳውን በእጁ አጥፍቶ እውነት የተባለውን በእጁ ይጽፋል። ቢያድግልኝ ካረፈ ወዲህ የዓለምወርቅ ጠመኔውን ትይዛለች እንጂ ተሟግታ አታውቅም። ጠዋት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ቤቱን ትከፍታለች። ስለ ባሏ የሚጠይቃት ሰው መልሱን ባጭሩ ያገኛል።

ዛሬ ደረጃ የሚወጣላቸው የይርዳው አምስት ፊልሞች ናቸው። ይርዳው ሥራው ከሩቁ የሚያስታውቅ ዳይሬክተር ነው፤ ተዋንያኑ ፊት ለፊት ካሜራውን እያዩ እንደ ምስክር ነው የሚናገሩት፤ በሩም ወንበሩም ሰዉም በመስመር ይደረደራል። በሽር በቴሌግራም "የመተማ ሰው ፊልሞችህን ሊያበላልጥ ነው፣ መጥተህ ስማ" ብሎ ቢጽፍለት፣ እመጣለሁ አለ። በሽር ምላሹን ሲያነብላት የዓለምወርቅ "ይምጣ" ብቻ ብላ ነበር።

"ይምጣ" ለማለት አራት ዓመት ጠብቃለች።

ይርዳው ከስምንት ዓመት በፊት ተማሪ ሳለ ስለ ቀን ሠራተኞች ፊልም ሊቀርጽ መጥቶ አንድ ወር እነሱ ቤት አደረ፣ ከማዕዳቸው በላ። ቢያድግልኝ ያኔ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ መዛኝ ነበር። ጆንያ በማይመጣበት ሰዓት በመረከቢያው ካርኒ ላይ በእስክርቢቶ ሥዕል ይሥላል፤ በየሥዕሉ ግርጌ ሰዎቹ የሚሉትን ይጽፋል። አንድ ሙሉ ፊልም እንዲህ አድርጎ ሣለ። ይርዳው ሲሄድ "ጋሼ፣ አዲስ አበባ ላሳይልህ" ብሎ ቅጠሎቹን ገንጥሎ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ቢያድግልኝ ካላዛር የሚባለው የቆላ በሽታ ይዞት ጎንደር ሆስፒታል በተኛ ጊዜ፣ የዓለምወርቅ በባሏ ልመና ሰባት ጊዜ ደወለች። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። ባሏ በሞተ በዓመቱ 'የሰሊጥ እንቅልፍ' የሚባል ፊልም ወጣ፤ ተሸለመም። መጨረሻው ላይ "ድርሰትና ዝግጅት፦ ይርዳው" ይላል። ሌላ ስም የለውም።

ፊልሙን እዚሁ ቤት ስድስት ጊዜ አሳይታዋለች። በስድስቱም ጊዜ ስሙ እስኪያልፍ ቆማ አይታለች።

መኪና በር ላይ ቆመ። ይርዳው ነጭ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ፣ ከደጁ ብርሃን ወደ ውስጥ ሲገባ ዓይኑን እያርገበገበ መጣ። ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ። እሱ ግን በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሄደና ጎንበስ አለ።

"እታለም። ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ፤ በደለኛ ነኝ። መንገዱም እንደምታውቂው ነው።"

"መንገዱስ ዛሬ ተከፍቷል። ተቀመጥ።"

አልተቀመጠም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጋሼ የተወው ሌላ ወረቀት ይኖር ይሆን? ለመታሰቢያ ብዬ ነው። አዲስ ሥራ ልጀምር አስቤ፣ ለመነሻ ቢሆነኝ... እውነቱን ልንገርሽ፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ ምንም አልመጣልኝም።"

የዓለምወርቅ ሰሌዳውን አየች። አራተኛና አምስተኛ የወጡት ሁለቱም ከ'ሰሊጥ እንቅልፍ' በኋላ የሠራቸው ናቸው። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አላት፤ ደስታ ብላ ልትጠራው አፈረች።

"አለ" አለችው። "ሳትሄድ ታየዋለህ።"

ፊቱ በራ። ፊተኛው አግዳሚ ላይ ከበሽር ጎን ተቀመጠ።

ሦስተኛና ሁለተኛው ብዙ አላወዛገቡም። "የፀጉር አስተካካዩ መስኮት" ሦስተኛ ወጣ፤ "ሰባት ቢጫ ወንበሮች" ሁለተኛ። አንደኛው ላይ ሲደረስ ቤቱ ባንድ አፍ "የሰሊጥ እንቅልፍ" አለ። የዓለምወርቅ ጻፈችው። ፊልሙ ጥሩ ነበር፤ በጣም የሚቆጠቁጣት ይኸው ነበር።

"አንደኛነቱን አልክድም" አለ ማሩ ተነሥቶ። "እንግዳችን ካልተቀየሙ ግን አንዲት ነገር ትከነክነኛለች። ያች አርባኛው ደቂቃ ግድም ያለችው። ነዶው ሁሉ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሰውየውም እጁን ከጎኑ ግጥም አርጎ አጠገቡ ተጋድሟል። ሰሊጥ እኮ ተጋድሞ አይደርቅም። ፍሬውን የያዘው ቆባ አፉ ሲከፈት ፍሬውን መሬት ይጠጣዋል። ነዶውን ያቆሙታል፣ ሲደርቅ ሸራ ላይ ገልብጠው ያራግፉታል። ይህን የማያውቅ አጫጅ እኛ ዘንድ ቀኑን አይውልም፣ ይባረራል።"

"ፊልም ነው እንጂ የእርሻ ትምህርት ነው እንዴ" አለ በሽር።

"ግራ ዳር የተሰቀለው ቢጫ ሰፌድስ?" አለ አንዱ ከኋላ። "እኔ እሱን ስፈታ አንድ ክረምት አለፈኝ።"

ይርዳው ፈገግ ብሎ ተነሣ። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የመለሰ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። "ጥሩ። ሰሊጡ የተኛው ሰዉ ስለደከመ ነው። ምድር ራሷ ደክማለች። የቆመ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይጋደማል። ሰፌዱ ባዶ ነው፤ ከሰው ሁሉ ርቆ ዳር ላይ ያለው ተስፋ ነው። ይህን ምስል ሳገኘው ሌሊቱን ሙሉ አልቅሻለሁ።"

ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። በሽር ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ።

"በላ ልበልህ" አለች የዓለምወርቅ።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። በሽር ቀስ ብሎ ዞረ፤ "አንቺ?" አላት።

"እኔ። ይህ ሰው ሰሊጡ ለምን እንደተጋደመ አያውቅም እላለሁ። ዋስ ጥራ፣ ይርዳው።"

ይርዳው ሳቀ፤ ጨዋታ መስሎታል። "ልማዱን አስታውሳለሁ፤ ጋሼ አስተምሮኛል። በሽር ዋሴ ይሁን።"

"የእትየ ዋስ እኔ ነኝ" አለ ማሩ።

"የተረታ ሰሌዳውን ያጠፋል። በእጁ ይጽፋል" አለች።

"እሺ" አለ ይርዳው። "ይሁን።"

የዓለምወርቅ ከጠረጴዛው ሥር ቦርሳዋን አወጣች። ከቦርሳው ውስጥ ጠበብና ረዘም ያለ፣ ጠርዙ የተበላ ካርኒ መዘዘች። የመረከቢያ ካርኒ በመሀሉ ካርቦን ይገባበታል፤ ዋናው ቅጠል ተገንጥሎ ይሄዳል፣ ግልባጩ ከጥራዙ ጋር ይቀራል። ወደ ከተማ የሄዱት ዋናዎቹ ነበሩ። ሰማያዊዎቹ ግልባጮች አንድም ሳይጎድል እሷ ዘንድ ቀርተዋል።

አንድ ገጽ ገልጣ ለማሩ ሰጠችው። "ቁጥሩ የታተመው የት ነው?"

"ከላይ። ከዚች።"

"ቁጥሩን ወደ ላይ አድርገህ ያዘው። ምን ታያለህ?"

ማሩ ወረቀቱን ወደ ደጁ ብርሃን አዞረ። "ነዶ። ቆሟል፣ እርስ በርሱ ተደግፏል። ሰውየው አጠገቡ ቆሟል፣ እጁን ግጥም አርጎ። ከበላዩ ጀምበር አለች።"

"አሁን ቁጥሩን ወደ ግራ አጋድመው። እንደ ቴሌቪዥኑ ሰፋ ብሎ ይታይህ።"

ማሩ አጋደመው። ወረቀቱንና ይርዳውን እያፈራረቀ አየ።

"ጀምበሯ ናት እንዴ ሰፌዱ?" አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲዛመት ወረቀቱም ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። የሚደርሰው ሁሉ አንዴ ያቆመዋል፣ አንዴ ያጋድመዋል፤ እንደገና ይስቃል። ሽማግሌ የሆኑ አንድ አጫጅ "ወረቀቱን ራሱ አጋድሞ ምድር ደክማለች ይላል" አሉ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ይርዳው ነው።

ሁለተኛው በሽር ነበር። ካርኒው ሲደርሰው መነጽሩን አድርጎ ከግርጌ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ፊልሙን በቃሉ ያውቀዋል፤ ከንፈሩ ከዓይኑ ቀድሞ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ካርኒው ላይ የተጻፈውን ቀን አየ።

"ፊልሙ ሳይወጣ አምስት ዓመት ቀድሞ የተጻፈ ነው" አለ። "የቢያድግልኝ እጅ ነው። በዚህ እጅ የተጻፈ የመጋዘን ደረሰኝ ቤቴ ሞልቷል።" መነጽሩን አወለቀ። "ዋስትናዬን አንሥቻለሁ።"

ይርዳው ወደ የዓለምወርቅ ተጠጋ። "እታለም፣ እባክሽ፣ ብቻችንን እንነጋገር።"

"ብቻህን ላናግርህ ሰባት ጊዜ ደወልኩ።"

"ልጅ ነበርኩ። ፈራሁ። ስሙን አስገባዋለሁ፤ ምስጋና ከሚለው ሥር..."

"ምስጋና አልሰጠህም። ፊልም ነው የሰጠህ።" ጠመኔውን ዘረጋችለት። "ተረተሃል። ቤቱ እየጠበቀ ነው።"

ይርዳው ሰውን አየ። ለእሱ ዓይኑን የሚሰብር አልነበረም። መጥረጊያውን አንሥቶ አንደኛው ላይ ያለውን አጠፋ። የዓለምወርቅ የካርኒውን የመጀመሪያ ቅጠል ገልጣ ባሏ ለፊልሙ ያወጣለትን ስም ቃል በቃል አነበበችለት፤ እሱም ጻፈ። "ዝናብ ሳይቀድመን። ድርሰት፦ ቢያድግልኝ።" መጨረሻው ላይ ጠመኔው ተሰበረና በስባሪው ጨረሰው። በሽር ሳይጠየቅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው፤ ቴሌግራም ላይ ይርዳውን ከሚያደንቁ ሁሉ እሱ አንደኛው ነበር።

የዓለምወርቅ ይህን ቀን ስታስበው እዚህ ላይ ይበቃኛል ትል ነበር። አልበቃትም። ይርዳው ቦርሳውን ሲያነሣ "ፊልሙን ሳናይ?" አለችው። "ማሩ፣ እንግዳችንን አስቀምጠው።"

"ይቀመጡ ወንድሜ" አለ ማሩ፣ ከበሩ ፊት ቆሞ። "እትየ ሲያሳዩ ማንም አቋርጦ አይወጣም።"

ፊልሙን ወደዚያች ቦታ አሳልፋ አቆመችው። ነዶው ተጋድሟል፣ ሰውየው ተጋድሟል፣ ቢጫው ሰፌድ ግራ ዳር ተሰቅሏል። ከዚያ እሷና ማሩ ቴሌቪዥኑን ከመቀመጫው አነሡና ግራው ወደ ላይ እንዲሆን አቁመው ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

ነዶው ቆመ። ሰውየው እጁን ግጥም አድርጎ ፀሐይ ሥር ቆመ፤ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቢያድግልኝ መኪና ሲጠብቅ ይቆም በነበረው አቋቋም። የዓለምወርቅ ለአፍታ ዓይኗን ወደ ደጁ አዞረች፤ ስትመለስ ፊቷ እንደ ወትሮው ነበር።

አስጀመረችው። ያ ትዕይንት አለፈ፤ ከዚያ ይርዳው በራሱ የጨመረው የከተማው ክፍል መጣ። በገመድ የተለካው በር በጎኑ ወደቀ፤ የተደረደሩት ወንበሮች ወደቁ፤ ፊት ለፊት የሚናገሩት ሰዎች አንድ በአንድ ወደቁ። አጫጆቹ አንገታቸውን አዘንብለው ያያሉ። ፊተኛው አግዳሚ ላይ ይርዳው ብቻ አንገቱን አላዘነበለም፤ እንዳያይ ግን የት ይዙር።

በሽር ጠጋ ብሎ "ለቀሪው ቴሌቪዥኑን እናቃናው?" አላት በሹክሹክታ። "አንድ ሰዓት ይቀረዋል እኮ።"

የዓለምወርቅ ካርኒውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋች።

"ይቆይ" አለች።