ቦቃ ማንን ወደደ

ልብስ ሰፊዋ በአርባ አራት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ብቻ የሆነ ነገር አገኘች፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጆሮዎቹ የተንጠለጠሉ የሁለት ወር ቡችላ። ያመጣችላት አንዲት ደንበኛዋ ናት። መጀመሪያ «ኧረ እኔ ራሴን ችዬ ባደርኩ!» ብላ ልትመልሰው ነበር። ቡችላው ግን ከመጣበት ካርቶን ወጥቶ ቀጥ ብሎ ማሽኑ ሥር ገባና ፔዳሉን የምትረግጥበት እግሯ ላይ ጋደም አለ። በዚያው ቀረ። ስሙንም ቦቃ አለችው።

«የራሷ ብቻ» ማለት ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም። ታናሽ እህት አለቻት፤ የመዋለ ሕፃናት አስተማሪ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቷትም ዛሬም ድረስ የሚያውቃት ሁሉ ሚጡ ይላታል። ሚጡን ሰው ይወዳታል። ሕፃናቱ ቀሚሷን ከያዙ አይለቁም፤ ጎረቤቱ ሳያያት ከዋለ ይጠይቃል። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ከሚጡ ጋር ሲቀመጡ ይስቁ ነበር፤ ከትልቋ ጋር ሲቀመጡ ስለ ሥራ ያወሩ ነበር። ልጆች ሳሉ አብረው ያሳደጓት ድመት እንኳ ስትወልድ ግልገሎቿን አንድ በአንድ አንጠልጥላ የወሰደችው ሚጡ አልጋ ሥር ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ሆዷ ግን አንዱንም አልረሳም።

እናም ቦቃን ለማስከተብ የሄደች ዕለት የእንስሳት ሐኪሙ «ከሌሎች ውሾች ጋር ታገናኚዋለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ደነገጠች።

«ምን ያደርግለታል? እኔ አለሁለት አይደል?»

ሐኪሙ ሳቀ። «አንቺማ አለሽ። ግን ውሻነትን የሚማረው ከውሻ ነው። አሁን ካልለመደ ሲያድግ ውሻ ባየ ቁጥር ይበረግጋል፤ የበረገገ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። የተከተበች፣ ረጋ ያለች ትልቅ ውሻ ያለው ሰው አታውቂም?»

ታውቃለች። ምን ዋጋ አለው፣ የሚጡ ነች እንጂ። እሜቴ የምትባል፣ አፏ ዙሪያ የሸበተ፣ አረማመዷ እንደ ስሟ የሆነ አሮጊት ውሻ።

ቅዳሜ ጠዋት ከመዋለ ሕፃናቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ተገናኙ። ቦቃ እሜቴን ሲያይ ጅራቱን እግሮቹ መሃል ሸጉጦ ከልብስ ሰፊዋ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ። እሷም ብድግ አድርጋ አቀፈችው።

«አታንሺው እትዬ፣» አለች ሚጡ። «መሬት ላይ ተይው፤ ራሱ ይጠጋታል።»

«ፈርቶ እኮ ነው።»

«ይፍራ። አንቺ ስታቅፊው የሚያስፈራ ነገር ያለ ይመስለዋል።»

አስቀመጠችው። አፏ ባይናገርም እሱ እሷ ጋ መደበቁ ልቧን አሙቆት ነበር። እሜቴ ፊቷን አዙራ ሣር ስታሸት ቆየች፤ ጉዳዬም አላለችው። ይሄኔ ቦቃ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ እያለ ሄዶ ጅራቷን አሸተተና ተመልሶ ሮጠ። በዚያ ቀን ይኸው በቃ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ነገር ተበላሸ። ተበላሸ ያለችው እሷ ናት እንጂ ለቦቃ የሕይወቱ ምርጥ ቀን ነበር። ከእሜቴ ጋር ተሯሯጠ፣ ተንከባለለ፣ ጆሮዋን እየጎተተ አስቸገራት። ሲደክማቸው ሚጡ ሣሩ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ስለነበር እሜቴ ሄዳ ጭኗ ላይ አገጯን ጣል አደረገች። ቦቃም ተከትሎ ወጣና እዚያው ጭን ላይ ተጠቅልሎ ተኛ። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጣለች። ዘወር ብሎም አላያት።

«ቦቃ፣» ብላ ጠራችው። ጆሮውን ቀና አድርጎ መልሶ ጣለው።

«እይው ይሄን ጉድ፣ አንኮራፋ እኮ!» አለች ሚጡ እየሳቀች።

እሷም ከአንገት በላይ ሳቀች። መሄጃቸው ደርሶ ገመዱን ስትስበው ደግሞ እግሩን ተክሎ አልሄድም አለ፤ ወደ እሜቴ እየዞረ አለቀሰ። መንገዱን ሙሉ ጎትታው ገባች። ቤት ስትደርስ እንቁላል ቀቅላ በእጇ አጎረሰችው። «የምታበላህ ማናት? እ? ማናት?» አለችው። ቦቃ እንቁላሉን በላ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄደችም። ሚጡ ስትደውል «ሥራ በዝቶብኛል» አለች፤ በሳምንቱ ደግሞ «እግሩን ሳያመው አልቀረም» አለች። አንድ ቀን ሚጡ «እኔ ሱቅ ድረስ መጥቼ ልውሰደው?» ብትላት «አያስፈልግም!» ያለችበት ድምፅ ራሷን አስደነገጣት። ቦቃን እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀችው። መንገድ ላይ ውሻ ሲመጣ ካየች ታነሳዋለች ወይም ትሻገራለች። እሱም ቀኑን ሙሉ እግሯ ሥር ነው። «አሁን ነው የኔ የሆነው» አለች በልቧ።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ አንዲት ትንሽ ውሻ በገመድ ይዛ ገባች። ውሻዋ ጅራቷን እየቆላች ወደ ማሽኑ ጠጋ ስትል ቦቃ ከእሱ ተሰምቶ የማያውቅ ጩኸት ጮኸ። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ጥርሱን አሳየ፤ ሽንቱንም ለቀቀ። ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ ልታነሳው እጇን ሰደደች። የቀኝ እጇን ነከሳት፤ አውራ ጣቷና መዳፏ መሃል።

ሐኪም ቤት ቁስሏ ታጥቦ መርፌ ተወጋች። ለአሥር ቀን መቀስ እንዳትይዝ አሏት። ሚጡ እንደሰማች እየሮጠች መጣች። እህቷን አልጋ ላይ ቁጭ እንዳለች፣ ቦቃን ደግሞ አልጋው ሥር ጥግ ተሸጉጦ አገኘቻቸው። ወለሉን ወልውላ፣ ሊሰፋ የተቆረጠውን ጨርቅ ሰብስባ አጣጠፈች። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው የጠፋሽው? ምን አጠፋሁ?»



«ቀናሁብሽ፣» አለች ልብስ ሰፊዋ የታሰረ እጇን እያየች። «ጭንሽ ላይ ሲተኛ ቀናሁ። ዕድሜ ልኬን ሁሉም ነገር ወዳንቺ ሲሄድ አይቼ… አንድ ቡችላ እንኳ ትተዪልኝ መስሎኝ ነበር።»

 የሚጡ ፊት ቀላ።

«ይሄን ስትይኝ ደስ ይለኛል ብለሽ ነው?» አለች። «እኔ እንዳይወዱኝ ላድርግ? ደግሞ እኔን አይደለም የወደደው። ውሻ የሚያምናትን ውሻ አይቶ ነው የሚማረው። እሜቴ ድንጋይ ላይ ብትተኛ እሱም ድንጋዩ ላይ ይተኛ ነበር።»

«እንዲያ ነው?»

«እንዲያ ነው። በድንጋይ ነው የቀናሽው።»

ልብስ ሰፊዋ ልታለቅስ ስትል ሳቅ አመለጣት። ሚጡም አኩርፋ መቆየት አልሆነላትም።

ቦቃን መመለስ ግን እንደ መጀመሪያው ቀላል አልነበረም። የእንስሳት ሐኪሙ «ረፍዷል፣ ግን አልመሸም» ብሎ እንዳስረዳቸው አደረጉ። መጀመሪያ ከሜዳው ማዶና ማዶ ሆነው፣ ውሾቹ ሳይጠጋጉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ተራመዱ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀረቡ። ቦቃ ሲንቀጠቀጥ ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ እጇን ኪሷ ትከታለች። በሦስተኛው ሳምንት ጎን ለጎን ሄዱ። በአምስተኛው እሜቴ ጆሮዋን ሲጎትታት «ህርርር» ብላ ገሠጸችው፤ ቦቃ በጀርባው ተጋደመ፣ ይቅርታ ተደረገለት፣ ጨዋታው ቀጠለ።

ዛሬ ቦቃ ትልቅ ውሻ ነው። ደፋር የሚባል አይደለም፤ የማያውቀው ውሻ ሲመጣ ቆም ብሎ ያስባል። ግን አይጮህም፣ አይነክስም፤ ከጎን በኩል ጠጋ ብሎ አሽትቶ መንገዱን ይቀጥላል። ሜዳው ላይ ሲፈቱት አሁንም መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሜቴ ነው፤ ከእሜቴ ወደ ሚጡ፤ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሲደርስ ምላሱ ተንጠልጥሎ፣ ደክሞት ነው።

ቅናቱ ጨርሶ ለቋት ሄደ ቢባል ውሸት ነው። አልፎ አልፎ ቆንጠጥ ያደርጋታል። ያን ጊዜ እንደ ድሮው አትውጠውም።

«ሚጡ፣» ትላለች፣ «ዛሬ ቀንቻለሁ።»

«ብዙ ነው ትንሽ?»

«መካከለኛ።»

«እንግዲያው የቦቃን ገመድ ዛሬ አንቺ ብቻ ያዢው፣» ትላትና ሚጡ ሁለቱን ትታ ከእሜቴ ጋር ቀደም ብላ ትሄዳለች።