የጋሼ ንባብ ቤት

ከተማዋ ሳይታሰብ ሰፍታ እጥፍ ስትሆን፣ አዲሶቹ ቤተ መጻሕፍት የት የት እንደሚሠሩ የማቀዱ ሥራ በከተማው ዕቅድ ክፍል በምትሠራው በእሷ ላይ ወደቀ። ካርታው ላይ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ እየለካች ክብ ሣለች፤ ከክቡ ውጪ የሚቀር ሰፈር እንዳይኖር ሁለት ዓመት ሙሉ ተጨነቀች። የጋሼ ንባብ ቤት ያለችበት ሰፈር ከትልቁ አዲስ ቤተ መጻሕፍት ክብ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ንባብ ቤቷ እንድትዘጋ በገዛ እጇ ጻፈች።

ጋሼ የአባቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። አባቷ ከሞተ በኋላ ያሳደጓት እሳቸው ሲሆኑ፣ ፊደል የቆጠረችውም በዚያችው ባለ ሁለት ክፍል ንባብ ቤት ነው። ልትነግራቸው እያሰበች ዛሬ ነገ ስትል ማስታወቂያው በር ላይ ተለጠፈ። ጋሼ አልተቆጡም። ቅዳሜ ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው መጡና፣ አዲሱን ቤተ መጻሕፍት አብረን በእግራችን ሄደን እንየው አሏት።

ሩብ ሰዓት እንደሄዱ ባለ ስድስት መስመሩ አውራ ጎዳና ገጠማቸው። ማቋረጫ የለውም። መኪናው እንደ ጎርፍ ይወርዳል። የእግረኛ ድልድዩ ያለው ታች ገበያው ጋ ስለሆነ፣ እዚያ ወርደው ተሻግረው እንደገና ሽቅብ መውጣት ነበረባቸው። ጋሼ ሦስት ጊዜ ቁጭ ብለው አረፉ። ሲደርሱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሆኗል።

"በወረቀት ላይማ እኔም ገና ጎረምሳ ነኝ" አሉ ጉልበታቸውን እያሹ።

እሷ መሳቅ አቃታት። ለካ ርቀቱን የለካችው በቀጥታ መስመር፣ ወፍ እንደሚበር ነው።

ሰኞ ለአለቃዋ ስህተቷን ነገረችው። አለቃዋ በሩን ዘጋና፣ ዕቅዱ መጽደቁን፣ የንባብ ቤቷም ሕንፃ ለሌላ መሥሪያ ቤት መሰጠቱን አስረዳት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ካንቺ በቀር ማን አወቀ? ዝም በይ" አላት።

ዝም አላለችም። በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ፣ ካርታዋ ስህተት መሆኑን ተናገረች። ከዚያ በጎዳናው ላይ መሻገሪያ ድልድይ እንዲጠና ተወሰነ፤ የንባብ ቤቷ መዘጋት ግን ጸና። በሳምንቱ እሷንም ከዕቅድ ክፍል አንስተው መዝገብ ቤት መደቧት።

ለጋሼ ስትነግራቸው መጻሕፍቱን በሲባጎ እያሰሩ ነበር።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

አጠገባቸው ተንበርክካ የሲባጎውን ጫፍ ያዘችላቸው፤ እሳቸውም አልከለከሏትም። አብረው እያሰሩ ሳለ፣ በየቀኑ ጋዜጣ ሊያነቡ የሚመጡት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ መነጽራቸውን እየጠረጉ ገቡ። ባዶውን መደርደሪያ አይተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ነገ የት ልምጣ ታዲያ?" ሲሉ ጠየቁ።

ጋሼ ወደ እሷ ዞሩ። እሷ አንገቷን ደፋች።