የጓድ በሪሁን ወገብ ልክ

ሜካኒኩ አርአያ ከወዳደቁ መኪኖች ለገጣጠማት ጂፕ የተገኘላት የፋይበርግላስ ጣሪያ አንድ ብቻ ነበር። ቆርቆሮ ቢሳሳቱበት ይበየዳል፤ ፋይበርግላስ ግን አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። የቆቦው ካድሬ ጓድ በሪሁን ደግሞ በሜይ ዴይ ሰልፍ ጣሪያው ላይ በሚቆረጥ ቀዳዳ ብቅ ብለው ለሕዝቡ እጅ ሊያውለበልቡ ፈልገዋል። መሐል ላይ ቢቀረቀሩ አሻጥረኛ የሚባለው አርአያ ነው።

በሁዳዴ ሰባተኛ ሳምንት ወገባቸውን ለካ። ቀበቷቸውንም አየ፤ መቆለፊያው ድሮ ያጎበጠው ቦታ አሁን ከሚቆለፍበት በሦስት ቀዳዳ ይሰፋል። ጣሪያው ላይ በጠመኔ ክብ ሠራና ሦስት ጣት አሰፋው።

«ይኼ ትርፉ ምንድነው?» አሉ ጓድ በሪሁን።

«ፋሲካ ሲፈሰክ እንግዲህ…»

«አብዮተኛ ይጾማል ነው የምትል?»

አርአያ ቀበቶውን እንደገና አየ። «ኧረ የለም ጓድ፤ ለካፖርትዎ ነው። በሰልፉ ካፖርት ይለብሱ የለ?»

ጓድ በሪሁን ጥቂት አሰቡ። «እለብሳለሁ» አሉ።

እሳቸው ሲሄዱ አርአያ ጠመኔውን አጥፍቶ ሁለት ጣት ጨመረ፤ አሁን ካፖርትም መጥቷላ። ከዚያ መስመሩን ተከትሎ በቀጭን መሰርሰሪያ ነዳድሎ፣ በብረት መጋዝ ቀስ ብሎ ቆረጠው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን ጓድ በሪሁን በዚያ በቆላው ሐሩር ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በቀዳዳው ብቅ አሉ። በወገባቸው ዙሪያ ጣት አያስገባም፤ ግን አልተቀረቀሩም። ላባቸው ጣሪያው ላይ ይንጠባጠባል።

«ውይ እኒህ ሰው!» አለች ከአርአያ ጎን የቆመችው በላይነሽ። «ወባ ይዟቸው ነው እንዴ የመጡ?»

«ሳይሆን አይቀርም» አለ አርአያ።